ወለም ያለው እግር

አምባሰል ሲባል ብዙ ሰው ቅኝቱ ትዝ ይለዋል። እኔን ትዝ የሚለኝ ቁርጭምጭሚት ነው። ወጣት ነርስ ሆኜ ውጫሌ ስሠራ በገበያ ማግሥት እያነከሰ የማይመጣ አልነበረም ብል ብዙ አላጋነንሁም።

ዳገት የሚፈትነው ትንፋሽን ነው፤ ቁልቁለት ግን ጡንቻና ጅማትን። ስንወርድ የጭናችን የፊት ጡንቻ እየተለጠጠ ሰውነታችንን እንደ ፍሬን ይይዛል። እየተለጠጠ የሚሠራ ጡንቻ ደግሞ እየተኮማተረ ከሚሠራው ይበልጥ ይጎዳል። ረጅም ቁልቁለት የወረደ ሰው በማግሥቱና በሦስተኛው ቀን ጭኑን የሚያመው ለዚህ ነው። ያ ሕመም በራሱ ይሄዳል። ክፋቱ፣ የደከመ ጡንቻ እግርን ቶሎ አያቀናም። ጠጠር ያንሸራትትና እግር ወደ ውስጥ ይታጠፋል፤ ከቁርጭምጭሚት በውጭ በኩል ያለው ጅማት ከልኩ በላይ ይወጠራል ወይም ይበጠሳል። ወለምታ የምንለው ይኸው ነው።

አማርኛችን ለሁለት ነገር «ጅማት» የሚል አንድ ስም ሰጥቷል። አንዱ አጥንትን ከአጥንት ያስራል፤ ሌላው ጡንቻን ከአጥንት። ሁለቱም የሚደርሳቸው ደም ጥቂት ስለሆነ አዳናቸው ዘገምተኛ ነው።

አንድ የገበያ ቀን አንዲት እናት የዘጠኝ ዓመት የልጅ ልጃቸውን አዝለው አገኘኋቸው። «እስኪ እዪልኝ ሲስተር፣ እግሩ ዞረበት» አሉኝ። እኔም የያዝሁትን ዘንቢል ሳላወርድ «አብሽሩ እማማ፣ ወለምታ ነው፣ ይድናል» ብዬ አለፍሁ። በአራተኛው ቀን በበቅሎ አመጡት። እግሩ ታሽቶ፣ ተጎትቶ፣ ሦስት ቀን ሙሉ በቀርከሃ ተጠፍሮ ነበር። ጣቶቹ ቀዝቅዘዋል፣ ጠቁረዋል። እስሩን በመቀስ ስፈታው እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። አራቱ ጣቶች ቀስ በቀስ ነፍስ ዘሩ፤ ትንሿ አልተመለሰችም። ደሴ ሄዶ ራጅ ሲነሣ ደግሞ የተሰበረው አጥንቱ ሆኖ ተገኘ። አያቱ በገበያ ያልኋቸውን አንድም ቀን አላነሡብኝም። ቢያነሡብኝ ይሻለኝ ነበር።

ያኔ ተቀምጬ እግሩን ብነካው ኖሮ ምን እፈልግ ነበር? በሚያድግ ልጅ የአጥንቱ ጫፍ አጠገብ ገና ያልጠነከረ የእድገት ክፍል አለ። ጅማቱ ከእርሱ ይበረታል፤ ስለዚህ አዋቂን ወለም በሚያደርግ አረጋገጥ የልጅ አጥንት ሊሰበር ይችላል። ልጁ አራት እርምጃ መራመድ ካቃተው፣ ወይም የቁርጭምጭሚቱን አጥንት ራሱን ስትጫኑት ከጮኸ፣ ራጅ ያስፈልገዋል።

ወጌሻን ለመንቀፍ አልጻፍሁም፤ እጃቸው የተባረከ አውቃለሁ። የምፈራው ጠባቡን እስርና በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሚደረገውን እሽታ ነው። ውስጡ እየደማ ያለን እግር ማሸትና በትኩስ ነገር መተኮስ እብጠቱን ይጨምራል። በቀዝቃዛ ውኃ የተነከረ ጨርቅ ለ15 ደቂቃ ያህል አድርጉበት፣ ትራስ ደርባችሁ እግሩን ከፍ አድርጉ። ፋሻው ከጣት ሥር ጀምሮ ወደ ላይ ይጠቅለል፤ ጣቶቹ ግን ይታዩ። ጥፍሩን ጫን አድርጋችሁ ልቀቁት፤ በሁለት ሰከንድ ውስጥ ካልቀላ፣ ወይም ልጁ «ደነዘዘኝ» ካለ፣ ሌሊትም ቢሆን ፍቱት። ከፈታችሁትም በኋላ ካልተመለሰ ወደ ሐኪም ሩጡ።

እኛ ነርሶችም የራሳችን ጥፋት ነበረን። «ወር ሙሉ እንዳትረግጥ» እንል ነበር። ስብራት ከሌለ ከሁለት ከሦስት ቀን በኋላ ሕመሙ የሚፈቅደውን ያህል ማንቀሳቀስና መርገጥ ይሻላል፤ ሥራ የፈታ ጅማት አይጠነክርም። ያለ ልክ የሠራም ይታመማል። ኃይሌ ገብረ ሥላሴ መስከረም 1993 ዓ.ም. በሲድኒ ፖል ቴርጋትን በ0.09 ሰከንድ ሲቀድም የተረከዙን ጅማት እያመመው ነበር። ከዚያ በኋላ ቀዶ ሕክምና ተደረገለት፤ በዚያው ዓመት ነሐሴ በኤድመንተን ሲመለስ ሦስተኛ ወጣ።

ይህ የተረከዝ ጅማት እኛን አያቶችንም ይመለከታል፤ በእድሜ ይደርቃል። ድንገት ስንሮጥ ወይም ቦይ ስንዘል ሊበጠስ ይችላል። ከኋላ ድንጋይ የተወረወረባቸው መስሏቸው ዞር የሚሉ አሉ። ከዚያ በኋላ በዚያ እግር ጣት ላይ መቆም ካቃተ በቶሎ ሆስፒታል ነው፤ «ባቴን ያዘኝ» ተብሎ ቤት አይተኛም።

አንድ ጊዜ ወለም ያለ እግር ደግሞ መልሶ መላልሶ ይዞራል፤ ጅማቱ ላልቷል፣ ሚዛኑንም ረስቷል። መድኃኒቱ ገንዘብ አይጠይቅም። ልጁ ጥርሱን ሲፍቅ በአንድ እግሩ ይቁም፣ ከዚያ በሌላው። እኔም ሐይቅ ቤቴ በረንዳ ላይ ጠዋት ጠዋት አደርገዋለሁ፤ ግን የበሩን መቃን ይዤ ነው፣ የልጅ ልጆቼም ይስቁብኛል።