ሙሰኸን በአፍጋን ዳቦ

ባለፈው ቅዳሜ ማታ በሬ ተንኳኳ። ብከፍት ኻልቲ የወይራ ዘይት ቆርቆሮ በሁለት እጃቸው አቅፈው ቆመዋል። ክዳኑ ዙሪያውን በፕላስተር ተጠቅልሏል፤ ከወንድማቸው ልጅ ሻንጣ የወጣው ያንኑ ዕለት ነው። «አዲሱ ዘይት ገባ» አሉኝ። «ነገ ሙሰኸን አለ። ሽንኩርት ይዘሽ ነይ፤ ብዙ አድርጊው።»

ኻልቲ ጎረቤቴ ናቸው። ፍልስጤም ውስጥ ራማላ አቅራቢያ ካለች መንደር ተነሥተው ቨርጂኒያ ከገቡ ሠላሳ ዓመት አልፏቸዋል። ያገናኘችን ቤይሩት በሰው ቤት ስሠራ የለመድኳት ዐረብኛ ናት። ኻልቲ ማለት አክስቴ ማለት ነው። እሳቸውም መልሰው «ኻልቲ» ይሉኛል፤ በአገራቸው ወግ ትልቅ ሰው የራሱን መጠሪያ ለታናሹ ይመልስለታል፣ የእኛ እናት ሴት ልጇን «እማዬ» እንደምትላት ማለት ነው።

ሙሰኸን የዶሮ፣ የሽንኩርት፣ የሱማቅና የዳቦ ምግብ ነው። ነገሩ ሁሉ የሚዞረው ግን በዘይቱ ላይ ነው። በጥቅምትና በኅዳር ወይራው ተለቅሞ ሲጨመቅ ገበሬው አዲሱን ዘይት የሚፈትነው በዚህ ምግብ ነው። ሽንኩርቱ ዘይት ውስጥ ተዘፍቆ በዝግታ ይበስላል። እኛ ለዶሮ ወጥ እንደምናቁላላው መጥቆር የለበትም፤ ልስልስ ብሎ መቅለጥ አለበት። ከዚያ ሱማቁ ይገባል። ሱማቅ ደርቆ የተፈጨ ቀይ ፍሬ ነው፤ ኮምጣጣ ነው፣ ሽንኩርቱንም ወደ ወይን ጠጅ ቀለም ይለውጠዋል። ዘይቱ የከረመ ከሆነ በዚህ ምግብ ውስጥ መደበቂያ የለውም።

ዳቦው ነው ስደት ላይ የሚያስቸግረው። በመንደራቸው የሚጋገረው ጣቡን በሚባል የሸክላ ምድጃ ነው። የምድጃው ወለል በትናንሽ ጠጠር የተነጠፈ ነው፤ ሊጡ የጋለው ጠጠር ላይ ይዘረጋና ጎድጎድ ጎድጎድ ብሎ ይወጣል። ኻልቲ እዚህ እንደመጡ በፒታ ሞከሩት፤ ዘይቱ ሲነካው ለሁለት ተላቀቀ። ከሳልቫዶሮች ሱቅ ቶርቲያ ገዙ፤ ሳስቶ ተቀደደ። አንድ ቀን የአፍጋኖች ዳቦ ቤት ገብተው ጋጋሪው ሊጡን በጣቶቹ ጫን ጫን እያደረገ ቦይ ሲያወጣለት አዩ። «ዘይቱ የሚያድርበት ቦታ አገኘሁ» ብለው ያን ዳቦ ይዘው ወደ ቤት ገቡ። ከዚያ ወዲህ ሙሰኸናቸው በአፍጋን ዳቦ ነው።

እኔ ይህን ከብልሃት ሁሉ የላቀ ብልሃት እለዋለሁ። ዳቦውን የመረጡት በመልኩም በስሙም አይደለም፤ ጉድጓዱ ዘይት እንዲይዝ መሆኑን ስለሚያውቁ ጉድጓድ ያለውን ፈለጉ። ከእኔ በፊት አሜሪካ የገቡት የእኛ እናቶችም እንዲሁ ነበሩ። ጤፍ በማይገኝበት ዘመን ዓይን የሚያወጣውን ነገር ፈልገው እርሾ የተቀላቀለበትን የስንዴ ዱቄት በመጥበሻ ጋገሩ። አይዳሆ ውስጥ ጤፍ መዘራት የጀመረው በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ነው። ያንን የስንዴ እንጀራ «እንጀራ አይደለም» የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ ይከፋኛል፤ ልጆች አድገውበታል።

ክናፌ ለሚባለው ጣፋጭ የናብሉስ አይብ ሲጠፋ ሞዛሬላና ሪኮታ ይደባለቃል፤ ኻልቲ ለዚህ ብዙም አይጨነቁም። ሱማቅ ላይ ግን ፈቀቅ አይሉም። በምላሳቸው ቀምሰው ጨው የበዛበትን ለሻጩ ይመልሳሉ። ዛዕተርንም ከዘመድ እጅ ካልሆነ አይቀበሉም። የዛዕተር ቅጠል የተራራ ነው፤ ሴቶች ወጥተው ይለቅሙታል። እስራኤል እ.ኤ.አ. በ1977 ጥበቃ ከሚደረግላቸው ዕፅዋት ውስጥ አስገብታ መልቀሙን ከለከለች፤ በ2005 ደግሞ ዐኩብ የሚባለው እሾኻማ ተክል ተከተለ። መንግሥት ምክንያቱ ተክሉ እንዳይጠፋ ነው ይላል። ከእናታቸው ጋር ተራራ እየወጡ ሲለቅሙ ላደጉት ኻልቲ ግን አንድ እፍኝ ቅጠል የሚያስቀጣ ሆነባቸው። የቤተልሔሙ ምግብ አብሳይ ፋዲ ቀጣን እ.ኤ.አ. በ2023 ለንደን ውስጥ የከፈተውን ምግብ ቤት «ዐኩብ» ብሎ መሰየሙን ስነግራቸው ረጅም ጊዜ ዝም አሉ።

ይህን ሁሉ ያነሣሁት አንድ ነገር ስለሚያንገበግበኝ ነው። ባለፈው ዓመት ልጄ በሚማርበት ትምህርት ቤት የወላጆች የምግብ ቀን ነበር። ኻልቲ ከሌሊት ጀምረው ሲሠሩ አድረው አንድ ትልቅ ትሪ ሙሰኸን ይዘን ሄድን። ምግቡን የሚያሰናዱት ሰዎች ከትሪው ፊት ካርድ አቆሙ፤ «ሜዲትራኒያን ዶሮ» ይላል። ኻልቲ አንብበው አልተቆጡም። ካርዱን ገለበጡት፤ ከቦርሳቸው እስክሪብቶ አውጥተው «ሙሰኸን፣ ፍልስጤም» ብለው ጻፉና መልሰው አቆሙት። ከአስተናባሪዎቹ አንዷ መጥታ ለማንም ቅር እንዳይለው የቀድሞው ቢቀመጥ እንደሚሻል በትሕትና ነገረቻቸው። ካርዱ ተመልሶ ተገለበጠ። ከጎናችን የእኔ እንጀራ «የኢትዮጵያ» ተብሎ ተቀምጧል፤ ማንንም ቅር አላለውም።

ዳቦው የአፍጋን መሆኑን ኻልቲ ለጠየቃቸው ሁሉ በኩራት ነው የተናገሩት። የቆረቆራቸው ካርዱ ነው። እኔም ከእሳቸው ጋር ነኝ፦ በስደት ማዕድ ላይ ዳቦው ይቀየር፣ አይቡ ይቀየር፣ ስሙ ግን የሠራው ሰው የሚጠራው ይሁን። ሑሙስና ፈላፍል የሶርያም የሊባኖስም የግብፅም ናቸው፤ ለብቻዬ ያለ የለም። ኻልቲ የጠየቁት ከትሪያቸው ፊት የአገራቸው ስም እንዲቆም ብቻ ነው።

የስም ነገር ለፍልስጤማውያን አዲስ አይደለም። ከመቶ ዓመት በፊት ከቤተልሔም፣ ከቤት ጃላና ከቤት ሳሑር ወደ ቺሊ የተሰደዱት የኦቶማን ወረቀት ስለያዙ «ቱርኮች» ተባሉ። እነርሱ ግን እ.ኤ.አ. በ1920 ላቋቋሙት የእግር ኳስ ክለብ ያወጡለት ስም «ፓለስቲኖ» ነው፤ ዛሬም በዚያው ስም ይጫወታል። መፍቱል የሚባለው ምግብም እንዲሁ ነው። የቡልጉር ፍሬ ዱቄት እየተነሰነሰበት በእጅ መዳፍ ይጠቀለልና በእንፋሎት ይበስላል። ቃሉ «የተፈተለ» ማለት ነው፤ እናቶቻችን ጥጥ ሲፈትሉ ካየንበት ቃል ጋር ሥሩ አንድ ነው። ብዙ ሰው ግን እዚህ «የእስራኤል ኩስኩስ» ተብሎ ከሚሸጠው ጋር ያምታታዋል። ያኛው እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ሩዝ ባጠረ ጊዜ በፋብሪካ የተሠራ የፓስታ ዓይነት ነው። በራሱ ምግብ ነው፤ መፍቱል ግን አይደለም። ጤፋችን ኔዘርላንድ ውስጥ በሌላ ሰው ፓተንት ተይዞ፣ እ.ኤ.አ. በ2018 መጨረሻ የሄግ ፍርድ ቤት ውድቅ እስኪያደርገው ድረስ ምን እንደተሰማን ያስታወሰ አንባቢ የኻልቲን ስሜት ለመረዳት አይቸገርም።

እሑድ ሽንኩርቱን እየከተፍን ስለ ጋዛ አወራን። የጋዛ ሰው ከፍልስጤማውያን ሁሉ ቃሪያ ወዳድ ነው። ቃሪያና ነጭ ሽንኩርት ከእንስላል ፍሬ ጋር በሸክላ ሙቀጫ ተደቁሶ ቲማቲም ሲገባበት ደጋ ይሉታል፤ መጀመሪያ ስቀምሰው ዳጣ ትዝ አለኝ። ላይላ ኤል ሐዳድና ማጊ ሽሚት ቤት ለቤት እየዞሩ እነዚህን ምግቦች «የጋዛ ማድቤት» በሚል መጽሐፍ ሰብስበው እ.ኤ.አ. በ2013 አሳትመዋል። በ2024 መጀመሪያ ላይ በሰሜን ጋዛ ሰዎች የከብት መኖ ፈጭተው ዳቦ ሲጋግሩ፣ ከሜዳ ኹበይዛ የሚባል ቅጠል ለቅመው ሲቀቅሉ በቴሌቪዥን አይተናል። አገር ሳይለቁ፣ ከገዛ ቀዬ ሳይወጡ፣ በሌላ ነገር መተካት። ኻልቲ ያን ሰሞን ሙሰኸን አልሠሩም፤ ይሥሩልኝ ያላቸውም የለም።

ዶሮው ምድጃ ሲገባ ለሰላጣው ከሰሊጥ የሚሠራውን ጠሒና እንዳመጣላቸው ላኩኝ። ከናብሉስ የመጣ ማሰሮ ነው። ጀርባውን ሳገላብጥ ሰሊጡ የኢትዮጵያ፣ የሁመራ መሆኑ ተጽፏል። ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። ያን ጠሒና ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲበሉት «ሑሜራ» የሰሊጥ ዓይነት ይመስላቸው ነበር እንጂ አገር መሆኑን አልሰሙም። ስልኬን አውጥቼ ሱዳን ጠረፍ ያለውን ቆላ በካርታ አሳየኋቸው። እጃቸውን በመሐረብ ጠርገው መነጽራቸውን አደረጉ።

«ማን ነው የሚያጭደው?» አሉኝ።

ከደጋ የሚወርዱ የቀን ሠራተኞች መሆናቸውን፣ በሙቀቱ ውስጥ ዛፍ ጥላ ሥር እያደሩ እንደሚያጭዱት፣ ነዶው ቆሞ ሲደርቅ እየተገለበጠ እንደሚራገፍ ነገርኳቸው።

«መቼ?»

«ጥቅምት ላይ።»

«ወይራውም ያኔ ነው» አሉና ማሰሮውን ከእጄ ተቀብለው ስሙ ወደ እኛ እንዲዞር አድርገው ጠረጴዛው መሐል አስቀመጡት።