የሳህን ሳሙና ለመኪና ይበጃል?

አዲስ አበባ ውስጥ ለሽያጭ የቀረበ መኪና ገዢ ፊት ከመቆሙ በፊት ላቫጆ ይገባል። ደላላው ገዢውን ይዞ እስኪመጣ ድረስ አጣቢው ባልዲው ውስጥ ፈሳሽ ሳሙና ጠብ ያደርጋል፤ ውሃው አረፋ ይሞላል፤ መኪናው ያብረቀርቃል። አረፋው ግን ብዙ ጊዜ የመኪና ሻምፖ ሳይሆን ሳህንና ብርጭቆ የሚታጠብበት ላርጎ ነው። ላርጎ ሲያልቅ ኦሞ ይተካዋል። ባለመኪናው አይጠይቅም፤ አጣቢውም አይናገርም።

ነገሩ ትንሽ ይመስላል። ይሁን እንጂ በዚህ አገር መኪና መጓጓዣ ብቻ ሳይሆን የተቀመጠ ገንዘብም ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ባገለገሉ መኪኖች ላይ ከባድ ታክስ ጣለ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ መከልከሉን አስታወቀ። በእጅ ያለውን መኪና ጠብቆ መያዝ ትርፍ የሆነው በዚህ የተነሳ ነው። ገዢ ሲመጣ ቶሎ ከሚያነሳቸው ጥያቄዎች አንዱ «ቀለሙ የፋብሪካ ነው ወይስ የተቀባ?» የሚል ነው።

እዚህ ላይ አንድ የተጋነነ ወሬ መታረም አለበት። የሳህን ሳሙና ቀለም አይበላም። በእሱ አንድ ቀን የታጠበ መኪና አይበላሽም። ጉዳቱ ያለው ሌላ ቦታ ነው። የሳህን ሳሙና የተሠራው ቅባት ለማንሳት ነው፤ የወጥ ዘይትና የመኪና ሰም ለይቶ አያውቅም። ባለመኪናው ከፍሎ ያስቀባውን ሰም በተደጋጋሚ እጥበት እያነሳ ይወስደዋል። ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ በተቀመጠች ከተማ ደግሞ ፀሐዩ ከቆላው ይልቅ በአልትራቫዮሌት ጨረር የበረታ ነው። ሰሙ የተገፈፈበት ቀለም ያለ ጃንጥላ እንደ ቆመ ሰው ነው፤ ውሎ አድሮ ይደበዝዛል።

ሌላም አለ። ብዙዎቹ የሳህን ሳሙናዎች እንዲወፍሩ ጨው ይገባባቸዋል። በደንብ ሳይለቀለቅ የቀረ አረፋ ቀለሙ በተላጠበት ቦታ ዝገትን ያግዛል። ኦሞ ከዚህ ይብሳል፤ አልካሊነቱ ከፍ ያለ ሲሆን፣ ያልሟሟው ፍሬው በጨርቅ ሲታሽ ይፍቃል።

የመኪና ሻምፖ ልዩነቱ ስሙ አይደለም። ለሰም የማይከፋ ሆኖ፣ አቧራው በቀለሙ ላይ እንዲንሸራተት የሚያደርግ ማለስለሻ አለው። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ቀለሙን የሚሸፍነው ብርሃን አሳላፊ ንጣፍ ውፍረቱ ብዙ ጊዜ ከ50 ማይክሮን አይበልጥም፤ ከሰው ፀጉር ይቀጥናል። በአሸዋ በቆሸሸ ጨርቅ በየሳምንቱ ሲታሽ የሸረሪት ድር የመሰለ ጭረት ያወጣል። ያንን ለማጥፋት ፖሊሽ ሲደረግ ከዚያው ቀጭን ንጣፍ ይቀነሳል። ንጣፉ ካለቀ ያለው መንገድ ቀለም ቀቢ ጋ መሄድ ብቻ ነው፤ «የፋብሪካ ቀለም» የሚለው ቃልም ያኔ ከዋጋው ጋር ይቀራል።

እንግዲህ ፍርዱ እንዲህ ቢሆን ያስማማል። የሳህን ሳሙና ቦታ አለው፤ መኪናው አዲስ ሰም ሊቀባ ሲል አሮጌውን ለማንሳት ይጠቅማል። ለየሳምንቱ እጥበት ግን አይሆንም። ሻምፖ የጠፋ ዕለትም ከኦሞ ይልቅ ብዙ ንጹህ ውሃ ይሻላል።

አጣቢውን ብቻ መውቀስ አይገባም። የተከፈለው በመኪና ልክ ነው፤ ሻምፖውን ከኪሱ እንዲገዛ መጠበቅ ከንቱ ነው። አንድ ጠርሙስ ሻምፖ በባልዲ ውሃ ጥቂት ብቻ ስለሚጨመርበት ለብዙ እጥበት ይበቃል። ባለመኪናው ወይም መኪና ነጋዴው ራሱ ገዝቶ፣ ከንጹህ ስፖንጅና ከሁለት ባልዲ ጋር፣ አንዱን ለሳሙና ሌላውን ስፖንጁን ለማለቅለቅ አድርጎ ቢሰጥ አጣቢው እምቢ አይልም። መኪናውም በጥላ ሥር ቆሞ፣ ጭቃው አስቀድሞ በውሃ ቢወርድ ሥራው ይቀላል።

ብዙ ገንዘብ የሚያወጣ ንብረት ይዞ በጠርሙስ ሻምፖ መሰሰት ሒሳብ አይደለም። አበው «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለዚህ ነው።