የመዥገር ሆድና የበሬ ጤና

ጠቢቡ ሰሎሞን ታካቹን ሰው ጥበብ ይማር ዘንድ ወደ ጕንዳን ሰደደው እንጂ፤ ሰውን ወደ መዥገር የላከ ማንም የለም። መዥገር በከብት ገላ ተጣብቆ ደም ከመምጠጥ በቀር ሌላ ሙያ ያለው አይመስልምና፤ ባላገሩ በጣቱ ነቅሎ በድንጋይ ይጨፈልቀዋል፤ ነገሩም በዚያው ያልቃል። ነገር ግን በዘመናችን ሊቃውንት የዚህን የተናቀ ፍጥረት ሆድ ቢመረምሩት ለከብት ጤና ታላቅ ጥቅም የሚሰጥ ምሥጢር ተገኝቶበታል።

የመዥገር መብል ደም ብቻ ነው። ሴቲቱ መዥገር በበሬው ቆዳ ላይ ከተጣበቀች በኋላ ብዙ ቀን ሳትነቀል እየጠጣች ክብደቷ እስከ መቶ እጥፍ ይደርሳል። በቆዳው ላይ የሚኖሩት ረቂቃን ባክቴሪያዎችም ከደሙ ጋራ አብረው ወደ ሆዷ ይገባሉ። እንግዲህ ይህን የሚያህል ደም በሆዷ ይዛ ባክቴሪያ ሳያጠፋት የምትኖረው እንዴት ነው? ተብሎ ቢጠየቅ፤ ከታወቁት ጥበቃዎቿ ሦስቱን መናገር ይበቃል።

አንደኛ፤ በአንጀቷ ግድግዳና በጠጣችው ደም መካከል ስስ መጋረጃ ትዘረጋለች። ኹለተኛ፤ ከደሙ ውስጥ ሄሞግሎቢን የሚባለው ሲሰባበር ከስባሪው አንዳንዱ ባክቴሪያን የሚገድል ይሆናል። ሦስተኛው ግን ከኹሉ ይልቅ ያስደንቃል። ባክቴሪያዎች እርስ በርሳቸው ሲዋጉ አንዱ የሌላውን የሕዋስ ግድግዳ የሚያፈርስበት መርዝ አላቸው። የመዥገር አያቶች እጅግ ጥንት በሆነ ዘመን የዚህን መርዝ ዘረ መል ከባክቴሪያ ወስደው የራሳቸው አደረጉት፤ ዛሬም ልጆቻቸው በምራቃቸውና በአንጀታቸው ያመነጩታል። እሾህን በሾህ ማለት ይህ ነው። በሳንፍራንሲስኮ የሚገኘው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2020 ዓመት እንደ ገለጡት፤ በአሜሪካ በሚገኝ አንድ የመዥገር ዘር ውስጥ ይህ መሣሪያ የቆዳን ባክቴሪያዎች ይገድላል፤ ሥራው በታገደ ጊዜ ግን ባክቴሪያዎቹ ይበዛሉ።

ይሁን እንጂ ይህ ጥበቃ ጐደሎ አለው። ያው መሣሪያ በዚያ አገር ሰውን የሚያሳምመውን የላይም በሽታ ባክቴሪያ በቀጥታ አይገድለውም። በእኛም አገር አምብሊዮማ የሚባለው ዝንጕርጕር መዥገር፤ ሐኪሞች የልብ ውሃ ብለው የሚጠሩትን በሽታ የሚያመጣውን ባክቴሪያ ተሸክሞ ይኖራል። ይህ ባክቴሪያ ከመዥገሩ አንጀት አልፎ እስከ ምራቁ ይደርሳል፤ ከዚያም ወደ ከብቱ ይተላለፋል። ለተሸካሚው ሞት ያልሆነው ለከብቱ ሞት ይሆናል ማለት ነው።

ይህ ነገር በመቀሌ ለሚገኙ ሹማምንትና የእንስሳት ሐኪሞች የሩቅ ወሬ አይደለም። በትግራይ ምድር የሚታረሰው በበሬ ነው፤ ከጥማዱ አንዱ የሞተበት ገበሬ የክረምቱ እርሻ ይቀርበታል። መዥገር የበሳው ቆዳም ዋጋው ይወርዳል። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በነበረው ጦርነት ብዙ ከብት አልቋል፤ የእንስሳት ሕክምና ጣቢያዎችም ተጐድተዋል። ስለዚህ የተረፈውን በሬ መጠበቅ የተረፈውን ቤተሰብ መጠበቅ ነው።

እስካሁን የተለመደው ጥበቃ መድኀኒት መርጨት ነው። መርጨቱ አይነቀፍም፤ ነገር ግን መጠኑ ሳይለካ የተደጋገመ እንደ ሆነ መዥገሩ ይለምደዋል፤ ገንዘቡም በከንቱ ይቀራል። ከዚህ የተሻለ መንገድ እንዳለ የአውስትራልያ ሰዎች አሳይተዋል። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1994 ዓመት ከመዥገር አንጀት ግድግዳ በተገኘ ፕሮቲን የተሠራ ክትባት ለከብት አርቢዎች አቅርበዋል። የተከተበው በሬ ያንን ፕሮቲን የሚቃወም ኀይል በደሙ ውስጥ ያበቅላል፤ መዥገሪቱም ደሙን ስትጠጣ የገዛ አንጀቷን የሚያፈርስባትን አብራ ትጠጣለች። ነገር ግን ያ ክትባት ለዚያ አገር መዥገር የተሠራ ነውና በልዩ ልዩ ዘር ላይ እኩል አይሠራም።

ሕዝብ በተቸገረበት ጊዜ የመዥገር አንጀት መመርመር ቅንጦት ነው የሚል ሰው አይታጣም። ዳሩ ግን ሌላው አገር ስለ ራሱ መዥገር ያወቀው ለእኛ በሬ የማይበቃ ከሆነ፤ የእኛን መዥገር ማን ይመርምርልን? በ1992 ዓ.ም. የተቋቋመው የመቀሌ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ትምህርት አለው፤ በቢሾፍቱም የእንስሳት ክትባት የሚሠራ ብሔራዊ ኢንስቲትዩት አለ። በጀት የሚመድቡ ሹማምንት እነዚህን ኹለቱን በአንድ ሥራ ቢያገናኙ፤ ምርምሩም በአንድ ዓመት ፍሬ አልሰጠም ብለው ባያቋርጡት መልካም ነው። ካህናትም ከቅዳሴ በኋላ ምእመናንን ሲመክሩ፤ መድኀኒቱን ሐኪም ባዘዘው ልክ እንዲረጩና የታመመ ከብት ሳይሞት ወደ ሐኪም እንዲያደርሱ ቢያሳስቡ የሚሰማቸው ብዙ ነው። ክትባቱ እስኪገኝ ድረስ በሬውን የሚያቆየው ይህ ምክር ነውና።