60 ኢንች የት ገባ?

ባለፈው ሰሞን ከአጎቴ ጋር ቴሌቪዥን ልንገዛ መርካቶ ሄድን፡፡ አጎቴ ሳይለካ ምንም ነገር አይገዛም፡፡ ከቤት ከመውጣታችን በፊት የቡፌውን መሀል በሜትር ለክቶ፣ ቁጥሩን በብጣሽ ወረቀት ጽፎ ኪሱ ከቷል፡፡ 138 ሳንቲ ሜትር፡፡ ሱቁ ውስጥ ያለው ባለ 55 ኢንች ወርዱ 122 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው፡፡ ቡፌው ውስጥ ሲገባ ግራና ቀኙ ክፍት ይሆናል፡፡ ባለ 65ቱ ደግሞ 144 ነው፤ ቢገፉትም አይገባም፡፡

«በቃ 60 አምጣልኝ» አለ አጎቴ፡፡

«ጋሼ፣ 60 የለም፡፡ 55፣ 65፣ 75 ነው ያለው፡፡»

«ለምን?»

«እኔ ምን አውቃለሁ ጋሼ፤ ፋብሪካው እንዲህ ነው የሚልከው፡፡»

ልጁ የተናገረው እውነቱን ነው፡፡ እኔ ግን የጋዜጠኝነት ትምህርት ያመጣብኝ በሽታ አለና «ለምን?» የሚለውን የአጎቴን ጥያቄ ቤት ድረስ ይዤው ገባሁ፡፡ ፍለጋው ጃፓን፣ ኦሳካ አጠገብ ሳካይ የምትባል ከተማ አደረሰኝ፡፡ (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው፡፡)

መጀመሪያ ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ እንይ፡፡ የጠፍጣፋ ቴሌቪዥን ፋብሪካ ከልብስ ሰፊ ብዙም አይርቅም፡፡ ጣቃ ይመጣል፣ ቅድ ይወጣለታል፣ ይቆረጣል፡፡ እዚህ ጣቃው መስታወት ነው፤ ውፍረቱ ግማሽ ሚሊ ሜትር ገደማ የሆነ፣ በሙያው «እናት መስታወት» የሚባል ስስ መስታወት፡፡ ጥቃቅኖቹ ትራንዚስተሮች የሚታተሙት ሳይቆረጥ፣ በሙሉው ላይ ነው፡፡ ማሽኖቹ ውስጥ አንዴ ሲያልፍ ስድስት ስክሪን ወጣው ስምንት፣ የማለፊያው ወጪ ያው ነው ማለት ይቻላል፡፡ ስለዚህ ትርፍና ኪሳራ የሚለዩት ቁርጥራጩ ላይ ነው፡፡ ፋብሪካ ሲገነባ የመስታወቱ ልክ አብሮ ይወሰናል፤ ከዚያ በኋላ ልኩን ልቀይር ማለት ሌላ ፋብሪካ መሥራት ነው፡፡

ለዚህ ነው በዚያ ዘመን የነበረው ፉክክር የመስታወት ልክ ፉክክር የነበረው፡፡ ሳምሰንግና ሶኒ በ2004 በጋራ ባቋቋሙት ኩባንያ 1870 በ2200 ሚሊ ሜትር መስታወት መርጠው 40 እና 46 ኢንች አወጡ፡፡ ኤልጂና ፊሊፕስ ደግሞ ትንሽ ሰፋ አድርገው 42 እና 47 አወጡ፡፡ ሳሎናችን ውስጥ ያለው ቴሌቪዥን 40 ነው 42 የሚለውን የወሰነው የእኛ ዓይን አይደለም፡፡ ቅዱ ነው፡፡

ሻርፕ ከሁሉም ርቆ ሊሄድ ፈለገ፡፡ ኩባንያው በ1912 የተመሠረተ ነው፤ ስሙንም ያገኘው መሥራቹ ከሠራው እርሳስ ነው፡፡ በ2004 ካሜያማ ላይ የከፈተው ፋብሪካ ስሙ በጣም ከመናኘቱ የተነሳ ቴሌቪዥኖቹ ላይ «ካሜያማ ሞዴል» የሚል ምልክት ተለጥፎ ይሸጥ ነበር፡፡ በ2007 ታዲያ ሳካይ ላይ በዓለም ትልቁን መስታወት የሚቆርጥ ፋብሪካ እንደሚሠራ አስታወቀ፡፡ 2880 በ3130 ሚሊ ሜትር፡፡ ከአንዱ መስታወት ባለ 60 ኢንች ስምንት፣ ባለ 70 ኢንች ስድስት ይወጣል፡፡ የመስታወት አምራቹና ሌሎች አቅራቢዎችም እዚያው ግቢ ገቡ፡፡ ጥቅምት 2009 ሥራ ተጀመረ፡፡

እንግዲህ የአጎቴ 60 እዚህ ነበር፡፡

በወረቀት ላይ ስሌቱ ያምራል፡፡ ገበያው ግን ወረቀት ላይ አልቆየም፡፡ ውሳኔው ሲተላለፍ አንድ ዶላር 120 የን አካባቢ ነበር፤ በ2011 መጨረሻ ወደ 75 የን ወረደ፡፡ ጃፓን ውስጥ ሠርቶ ውጭ ለሚሸጥ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ነጋዴ ብቻ ሳይሆን ማንም ያውቀዋል፡፡ መሀል ላይ የ2008ቱ የፋይናንስ ቀውስ አለ፡፡ ጃፓኖች ራሳቸው ደግሞ መንግሥት የሚሰጠው የግዢ ድጎማ በመጋቢት 2011 ሳያልቅና የአናሎግ ስርጭቱ በዚያው ዓመት ሐምሌ ሳይዘጋ ተሽቀዳድመው ገዝተው ጨርሰዋል፡፡ ከዚያ በኋላ ማን ይግዛ?

ሶኒ የሳካይን ፋብሪካ እስከ 34 በመቶ ድርሻ ሊገዛ ተስማምቶ ነበር፡፡ 7 በመቶ ላይ ቆመ፣ በ2012 ጭራሽ ወጣ፡፡ ሻርፕ 376 ቢሊዮን የን ከሰረ፤ በቀጣዩ የበጀት ዓመት 545 ቢሊዮን፡፡ መቶኛ ዓመቱን ባከበረበት በ2012 ወደ ሦስት ሺህ የሚጠጉ ሠራተኞች «በፈቃዳቸው» ለቀቁ፡፡ (እንዲህ ዓይነቱን ፈቃድ እኛም አገር የምናውቀው ይመስለኛል፡፡) በ2016 የታይዋኑ ፎክስኮን ኩባንያውን ጠቅልሎ ያዘው፡፡

«ትልቅ አስብ!» እያሉ አዳራሽ ሞልተው የሚያስጨበጭቡን የሥራ ፈጠራ አሰልጣኞች ይህን ታሪክ ሲነግሩን ሰምቼ አላውቅም፡፡ ሻርፕ እኮ በትልቁ አስቦ ነበር፡፡ ደግሞም አልተሳሳተም! ዓለም ወደ ትልቅ ስክሪን ትሄዳለች አለ፤ ሄደች፡፡ የተሳሳተው ስንት ላይ እንደምትቆም ነው፡፡ እዚህ ጋ ካልኩሌተር አውጡ፡፡

የ65 ኢንች ስክሪን ቁመቱ 81 ሳንቲ ሜትር ነው፡፡ አራቱን ደርድሩ፤ 3 ሜትር ከ24፡፡ የሳካይ መስታወት ረጅሙ ጎኑ 3 ሜትር ከ13 ነው፡፡ 11 ሳንቲ ሜትር አነሰ፡፡ ስለዚህ አራተኛው ረድፍ አይገባም፣ ከአንዱ መስታወት የሚወጣው ስምንት ሳይሆን ስድስት ይሆናል፡፡ የቀረው ቁራጭ ነው፡፡ አንድ እጅ በማይሞላ ክፍተት በእያንዳንዱ መስታወት ሁለት ቴሌቪዥን ማጣት እንዴት እንደሚያንገበግብ አስቡት፡፡

ቻይኖቹ ቢኦኢ በሄፌይ ከተማ ታህሳስ 2017 ሥራ ያስጀመረው ፋብሪካ የሚቆርጠው መስታወት 2940 በ3370 ሚሊ ሜትር ነው፡፡ ከሳካይ የሚበልጠው በ6 እና በ24 ሳንቲ ሜትር ብቻ፡፡ ከእሱ ግን 65 ኢንች ስምንት፣ 75 ኢንች ስድስት ይወጣል፤ ለ65ቱ ከመስታወቱ የሚባክነው ከአስር እጅ አንዱን አይሞላም፡፡ 60 ኢንችስ? እሱም ከዚያው መስታወት ስምንት ነው የሚወጣው፡፡ ከመስታወቱ ያው ስምንት ከወጣ፣ 65 አድርጎ በውድ መሸጥ እያለ 60 የሚቆርጥ ምን ዓይነት ሞኝ ነው? በአነስተኛዎቹ፣ 2200 በ2500 በሆኑት መስታወቶች ላይም ብታሰሉት ሁለቱም ሦስት ሦስት ናቸው፡፡ 60 ኢንች የሚያዋጣው ሳካይ ላይ ነበር፡፡ የሳካይ ፋብሪካ ደግሞ ነሐሴ 2024 ላይ የቴሌቪዥን ስክሪን ማምረት አቆመ፡፡ ከግቢው ከፊሉን ሶፍትባንክ ለአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ዳታ ሴንተር ገዝቶታል፡፡

ከዚህ በኋላ የምለው የራሴ አስተያየት ነው፡፡

ብዙ ሰው «ቻይና ያሸነፈችው በርካሽ ጉልበት ነው» ይላል፡፡ ይህ ለጫማና ለሸሚዝ ይሠራ ይሆናል፡፡ ሦስት ሜትር መስታወት ግን ሰው አይሸከመውም፣ ሮቦት ነው የሚያነሳው፡፡ ወጪው ማሽኑና ሕንፃው ነው፡፡ ሄፌይን የለየው ገንዘቡ የማን ነው የሚለው ነው፡፡ የፕሮጀክቱን ካፒታል ትልቅ ድርሻ ያቀረቡት የከተማው መንግሥት ፈንዶች ናቸው፡፡ ቢኦኢ ድሮ የቤጂንግ የቫኪዩም ቱቦ ፋብሪካ የነበረ፣ በ2003 ሃይዲስ የሚባለውን የኮሪያ የስክሪን ኩባንያ በ380 ሚሊዮን ዶላር ገዝቶ ወደ ሙያው የገባ፣ ከዚያም ደጋግሞ የከሰረ ድርጅት ነው፡፡ ሻርፕ ሁለት ዓመት በተከታታይ ሲከስር ባንኮቹ አንገቱን ያዙት፡፡ ቢኦኢ ሲከስር ቀጣዩ ከተማ ቀጣዩን ፋብሪካ ሠራለት፡፡ ሁለቱ አንድ ዓይነት ጨዋታ እየተጫወቱ አልነበረም፡፡

ስለዚህ በቢዝነስ ትምህርት ቤት ቋንቋ «የቢኦኢ ስትራቴጂ» ሲባል ትንሽ ያስቀኛል፡፡ ስትራቴጂው የማያልቅ ትዕግስት ያለው ገንዘብ ነው፡፡ ይሠራል ወይ? ሠርቷል፡፡ ሳምሰንግ በ2022 ኤልሲዲ ማምረት አቆመ፤ ኤልጂ ጓንግዡ ያለውን ፋብሪካውን ለቲሲኤል ሸጦ በ2025 አስረከበ፡፡ ሄፌይም ባለ ፋብሪካ ከተማ ሆናለች፤ ይህን አልክድም፡፡ ግን ይህን አይተን «እኛም መንግሥት ገንዘብ ያፍስስልንና...» ለምንል ወጣቶች አንድ ጥያቄ አለኝ፡፡ በኪሳራው ዓመታት ሂሳቡን የሚከፍለው የከተማው ነዋሪ ተጠይቆ ነበር? የሻርፕ ባለ አክሲዮን ቢያንስ ከከፋው አክሲዮኑን ሸጦ መውጣት ይችል ነበር፡፡

ሌላው የሚያሳስበኝ የተረፉት ጥቂት መሆናቸው ነው፡፡ ይህ ዘርፍ በዚህ በኩል ታሪኩ ንጹህ አይደለም፡፡ ከ2001 ጀምሮ ለዓመታት የታይዋንና የኮሪያ አምራቾች ታይፔ ሆቴሎች ውስጥ በድብቅ እየተሰበሰቡ ዋጋ ይተምኑ ነበር፡፡ በ2008 አሜሪካ ውስጥ ኤልጂ 400 ሚሊዮን፣ ሻርፕ 120 ሚሊዮን፣ ቹንግዋ 65 ሚሊዮን ዶላር ሊቀጡ ጥፋታቸውን አመኑ፡፡ (ሻርፕ በእነዚያ ስብሰባዎች ሳይሆን ለብቻው ባደረገው ስምምነት ነው የተያዘው፡፡) ያኔ ገበያው ውስጥ ብዙ ነበሩ፡፡ ዛሬ የኤልሲዲ ቴሌቪዥን ስክሪን በአብዛኛው የአንድ አገር ኩባንያዎች እጅ ላይ ነው፤ ዋጋ ሲወርድ ምርታቸውን ቀንሰው ዋጋውን ማስቆም ይችላሉ፤ አድርገውታልም፡፡ የዛሬው ርካሽ ቴሌቪዥን ነገም ርካሽ ይሆናል ብሎ የሚምል ካለ እኔ ምስክሩ አልሆንም፡፡

ደግሞም ፋብሪካዎቹ ተሠርተው አልቀዋል፡፡ መስታወቱን የሚበላ ነገር ይፈልጋሉ፡፡ ሰዉ ሁለተኛ ቴሌቪዥን ባይገዛም ያለውን በተለቀ ቢቀይር መስታወቱ ይሄዳል፡፡ የ75፣ የ85 አሁን ደግሞ የ98 እና የ100 ኢንች ማስታወቂያ የበዛው ሳሎኖቻችን ስለሰፉ አይደለም፡፡ የእኛ ሳሎን እንደሆነ፣ በተለይ ኮንዶሚኒየም ውስጥ፣ የት እንዳለ እናውቃለን፡፡

አጎቴ? 65ቱን ገዛ፡፡ በማግስቱ አናጺ ጠርቶ ቡፌውን አስቆረጠው፡፡ ቡፌው የሠርጋቸው ስጦታ ነበርና ባለቤቱ ይህን ጽሑፍ እስከጻፍኩበት ድረስ አላናገረችውም፡፡