ያልተጣለውም ካርታ ይናገራል

ካርታ ሲነሣ በብዙ ሰው አእምሮ ቀድሞ የሚመጣው ቁማር ነው። ጊዜ ማባከኛ፣ ሲከፋም ቤት ማፍረሻ ተደርጎ ይታያል። ይህ ግምት ግን ብሪጅ የተባለውን ጨዋታ አይገልጸውም። ብሪጅ ከማስረጃ ተነሥቶ ወደ ውሳኔ መድረስን ከብዙ የመማሪያ መጻሕፍት በተሻለ ያስተምራል። ከሁሉም በላይ የሚያስተምረው ደግሞ የታየውን መቁጠር ብቻ ሳይሆን፣ የታየው ነገር እንዴት ሊታይ እንደቻለ መጠየቅን ነው።

ጨዋታው በ52 ካርታዎች፣ ሁለት ሁለት ሆነው በተጣመሩ አራት ሰዎች ይካሄዳል። ለእያንዳንዱ 13 ካርታ ይደርሰዋል። በየዙሩ አራቱም አንዳንድ ካርታ ይጥላሉ፤ ከተጠራው ምልክት ትልቁን የጣለ ዙሩን ይወስዳል። ይህን ያህል ዙር እንወስዳለን ብሎ ውል የገባው ተጫዋች የጓደኛውን ካርታዎች ጠረጴዛው ላይ አዘርግቶ ሁለቱንም እጆች ብቻውን ይጫወታል። ስለዚህ 26 ካርታዎችን ያያል፤ ሌሎቹ 26 በሁለቱ ተቃዋሚዎች እጅ ተደብቀዋል። ሥራው የተደበቁትን መገመት ነው። ፈረንሳዊው የሒሳብ ሊቅ ኤሚል ቦሬል ከአንድሬ ሼሮን ጋር እ.ኤ.አ. በ1940 ስለ ብሪጅ ሒሳብ ሙሉ መጽሐፍ ያሳተመው ይህ ግምት ለሳይንስ የሚመጥን ጥያቄ ስለሆነ ነው።

አንድ ምሳሌ ነገሩን ግልጽ ያደርገዋል። ከአንድ ምልክት ጠረጴዛው ላይ ኤስ፣ ንጉሥ፣ 10፣ 9 እና 8 ተዘርግተዋል እንበል። ባለ ውሉ በእጁ 7፣ 6፣ 5 እና 4 ይዟል። ለተቃዋሚዎቹ የቀሩት ንግሥት፣ ጃክ፣ 3 እና 2 ብቻ ናቸው። ግቡ አምስቱንም ዙር መውሰድ ነው። ባለ ውሉ ከእጁ ትንሽ ካርታ ይጥላል፤ የግራው ተቃዋሚ 2 ይጥላል፤ ከጠረጴዛው ኤስ ይወጣል፤ የቀኙ ተቃዋሚ ንግሥትን ይጥላል። ባለ ውሉ በሌላ ምልክት ወደ እጁ ተመልሶ ሁለተኛ ትንሽ ካርታ ሲጥል የግራው ሰው በ3 ይመልሳል። አሁን የቀረው ጃክ ብቻ ነው። ጃክ በቀኝ ከሆነ ንጉሥን ማውጣት ይገባል፤ ይጥለዋል። በግራ ከሆነ ግን 10ን ማውጣት ይሻላል፤ 10 ዙሩን ይወስዳል፣ ንጉሥም በሚቀጥለው ዙር ጃክን ይይዘዋል።

የመጀመሪያው ስሌት ወደ ንጉሥ ያዘነብላል። አራት ካርታዎች ሁለት ለሁለት የሚከፈሉት ከመቶ 40.7 ጊዜ፣ ሦስት ለአንድ የሚከፈሉት ደግሞ 49.7 ጊዜ ነው። ሁለት ለሁለት የሚሆኑባቸው መንገዶች ስድስት ስለሆኑ ለእያንዳንዱ 6.8 ይደርሰዋል። ሦስት ለአንድ የሚሆኑባቸው ስምንት ናቸው፤ ለእያንዳንዱ የሚደርሰው 6.2 ነው። ስለዚህ የቀኙ ሰው ንግሥትንና ጃክን አብሮ የመያዙ ዕድል ንግሥትን ብቻዋን ከመያዙ ዕድል ጥቂት ይበልጣል። ብዙ ተጫዋች እዚህ ላይ ቆሞ ንጉሥን ያወጣል።

የተዘነጋው ነገር የቀኙ ሰው ምርጫ ነው። ሁለቱንም የያዘ ሰው ንግሥትን ወይም ጃክን ቢጥል ለእሱ ልዩነት የለውም፤ እንዳሻው ከጣለ ንግሥት የምትታየው በግማሹ ጊዜ፣ ማለትም ከመቶ በ3.4 ብቻ ነው። ንግሥትን ብቻዋን የያዘው ግን ሌላ የሚጥለው አልነበረውም። ትክክለኛው ንጽጽር እንግዲህ 6.2 ለ3.4 ነው። 10ን ማውጣት ከመቶ 65 ጊዜ ያህል ያዋጣል። እንግሊዛዊው ቴሬንስ ሪስ እ.ኤ.አ. በ1958 ባሳተመው መጽሐፍ ያስተዋወቀው ይህ ሐሳብ የተገደበ ምርጫ መርሕ ይባላል።

ተቃዋሚው ሁልጊዜ ንግሥትን የመጣል ልማድ ቢኖረውስ የሚል ሰው ይኖራል። በአጠቃላይ ስሌቱ ይህም መርሑን አያፈርሰውም። ንግሥትም ትታይ ጃክ፣ ዘወትር 10ን የሚያወጣ ሰው ሁለቱ ትልልቅ ካርታዎች ተነጣጥለው አንዱ ብቻውን በቀኝ ባለባቸው 12.4 ጊዜያት ይሳካለታል፤ የሚሸነፈው አብረው ባሉባቸው 6.8 ጊዜያት ነው። የተቃዋሚው ልማድ እነዚህን ቁጥሮች አይለውጣቸውም።

ይህን መቀበል ለተማረም ሰው ይከብዳል። እ.ኤ.አ. በ1990 ማሪሊን ቮስ ሳቫንት በአሜሪካው ፓሬድ መጽሔት ስለ ሦስቱ በሮች እንቆቅልሽ ስትጽፍ የሆነውም ይኸው ነው። ከአንዱ በር ጀርባ መኪና፣ ከሁለቱ ጀርባ ፍየሎች አሉ። ተወዳዳሪው አንዱን በር ይመርጣል፤ መኪናው የት እንዳለ የሚያውቀው አቅራቢ ከቀሩት ፍየል ያለበትን ይከፍታል። ምርጫን መቀየር ዕድልን እጥፍ ያደርጋል ብላ ብትጽፍ የዶክትሬት ዲግሪ ያላቸው ጭምር ተሳስተሻል የሚሉ በሺሕ የሚቆጠሩ ደብዳቤዎች ጎረፉላት። ትክክሏ ግን እሷ ነበረች። ተቃዋሚዎቿ የተከፈተውን በር አዩ እንጂ ከፋቹ ምን ምርጫ እንደነበረው አልጠየቁም።

ማሽንም በዚህ መስክ እየተፈተነ ነው። እ.ኤ.አ. በማርች 2022 ፓሪስ ላይ ኑክ የተባለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ከስምንት የዓለም ሻምፒዮኖች በልጦ ታየ። ፈተናው የውል ድርድሩን ትቶ የባለ ውሉን ጨዋታ ብቻ የያዘ ነበር። ይህ ውጤት ሰው ማሰቡን ይተው ማለት አይደለም። ዜና፣ ማስታወቂያና ወሬ በሚጎርፍበት ዘመን ሰው በየዕለቱ ባለ ውል ነውና።

ባሕር አቋርጦ የደረሰ ስልክ ይደውላል፤ በመንገድ የቀረ አይደውልም። ደዋዩ እውነቱን ሊናገር ይችላል። ሆኖም የመንገዱን አደጋ በደረሱት ድምፅ ብቻ የሚመዝን ወጣት፣ ንግሥትን አይቶ ንጉሥን እንደሚያወጣው ተጫዋች ነው፤ ያየውን አይቷል፣ ሌላው ሊታይ ይችል እንደነበር ግን አልጠየቀም። በካርታው ጠረጴዛ የሚጠፋው አንድ ዙር ነው፤ በመንገዱ የሚጠፋው ነፍስ ነው። ስለዚህ የዕድል ስሌትን ለወጣቶች የሚያስተምር መምህር ከቀመሩ በፊት 52 ካርታዎችን ይዞ ቢገባ፣ ለማንኛውም ማስረጃ የሚያስፈልገውን ጥያቄ ቀድሞ ያስጨብጣቸዋል፦ ይህን ያሳየኝ ሰው ሌላ ማሳየት ይችል ነበር ወይ?