የሌሊቱን ጩኸት የሰማ ሰው ይፍረድ

የዛሬው ረዘም ይላል፤ ቡናው እስኪፈላ አንብቡት። የምጠቅሳቸው ዓመተ ምሕረቶች የፈረንጅ ናቸው።

ባለፈው ሳምንት አሜሪካ ያለው የአክስቴ ልጅ በዋትሳፕ ቪዲዮ ላከልኝ። ከጦር ሜዳ የተመለሰ የአሜሪካ ወታደር፣ በሐኪም ፈቃድ ዕፀ ፋርስ ማግኘት ከጀመረ ወዲህ እንቅልፍ እንዳገኘ ይናገራል። ከሥሩ «አየህ? እዚህ ሕግ አውጥተው ይሰጧቸዋል፤ እናንተ ግን ያንን ምስኪን ትኮንኑታላችሁ» ብሎ ጽፏል። «ያ ምስኪን» ማን እንደሆነ ኢስሊ ያላችሁ ታውቃላችሁ። ለአክስቴ ልጅ ብቻ ከምመልስ ለሁላችሁም ልመልስ ብዬ ነው።

ሰውየው ከእኔ ክፍል በላይ ባለው ፎቅ ይኖራል። ወታደር ነበር። የየትኛው ወገን እንደነበር አልጽፍም፤ ሌሊት የሚጮኸው ጩኸት ወገን የለውም። ዘጠኝ ሰዓት ገደማ የሰው ስም እየጠራ ይነሳል። ማታቱ ድንገት ሲያፈነዳ መንገድ መሐል ይተኛል። ልጄ አንድ ሌሊት ነቅታ «አባዬ፣ ሰውዬው ማንን ነው የሚጠራው?» አለችኝ። ምን ብዬ ልመልስላት?

ከዚያ አንድ ጎረምሳ ጥቅልል ሰጠው። እዚህ ባንጊ ይሉታል። ሰውየውም ተኛ። እውነቱን አልደብቅም፤ ሁለት ሳምንት ያህል ፎቁ ጸጥ አለ። ቀን ተማሪዎቼን ስለ ዕፅ የምመክር መምህር፣ ማታ በልቤ ተመስገን እል ነበር።

ግን አንዱ ጥቅልል ሦስት ሆነ። ሥራ መሄድ ተወ። ዱቤ የሚሰጠውን ባለሱቅ «ይከታተለኛል» ማለት ጀመረ። አንድ ምሽት ኪሱ ውስጥ ይዞ ተያዘ። ለዋስትና ቤት ለቤት ዞረን ለመንን፤ አንዲት እናት ለልጇ ትምህርት ቤት ያስቀመጠችውን ሰጠች። ቀጠሮው የሚቀጥለው ወር ነው። የሪሴትልመንት ኬዙ ደግሞ ገና አላለቀም። በዚህ ሁሉ መሐል ነው ቪዲዮው የመጣልኝ።

እስቲ መጀመሪያ የአሜሪካውን ሕግ በደንብ እንየው። ኒው ሜክሲኮ የሕክምና ዕፀ ፋርስን በ2007 ፈቀደች፤ በ2009 ደግሞ ፒቲኤስዲን፣ ማለትም ከጦርነትና ከመሰል መከራ በኋላ የሚመጣውን የአእምሮ ሕመም፣ በዝርዝሩ ጨመረች። ሌሎች ግዛቶችም ተከተሉ። ብዙውን የገፉት የቀድሞ ወታደሮች ራሳቸው ናቸው፤ ክብር ይገባቸዋል። የፌዴራሉ መንግሥት ግን ዕፁን እንደከለከለ ነው። የቀድሞ ወታደሮች ሆስፒታል ሐኪም ሊያዝላቸው አይችልም፤ በግዛታቸው ሕግ ተጠቅመው ቢገኙ ግን ጥቅማቸው አይቋረጥም።

ታዲያ ያድናል ወይ? በኮሎራዶ ግዛት ገንዘብ የተሠራ ጥናት በ2021 ታትሟል። 76 የቀድሞ ወታደሮች ለሦስት ሳምንት አጨሱ፤ አንዳንዶቹ እውነተኛውን፣ አንዳንዶቹ ኃይሉ የወጣለትን። ሁሉም ተሻላቸው፤ ኃይል የሌለውን ያጨሱትም ጭምር! በመካከላቸው የጎላ ልዩነት አልተገኘም። ጥናቱ ትንሽ ነው፤ ነገሩን አይዘጋውም። ነገር ግን የአሜሪካ የቀድሞ ወታደሮችና የመከላከያ መሥሪያ ቤቶች በ2023 ባወጡት የሕክምና መመሪያ ዕፀ ፋርስን ለፒቲኤስዲ አትስጡ ብለዋል። ቫሊየምና መሰሎቹንም እንዲሁ። (ከፋርማሲ እየገዛችሁ የምትውጡ፣ በራሳችሁ በድንገት አታቋርጡ፤ ሐኪም አማክሩ።) መጀመሪያ የሚመክሩት ከሠለጠነ ባለሙያ ጋር የሚደረግ የንግግር ሕክምናን ነው።

ስለዚህ የአክስቴ ልጅ ሆይ፣ ሕግ መውጣቱ መድኃኒት መገኘቱን አያሳይም። የተጨነቀ ሰው ለምክር ቤት ጮኸ፣ ምክር ቤቱ ሰማ፤ እሱን ነው የሚያሳየው። እኔ የምቀናው በዚህኛው ነው።

እዚህ ኬንያ የ1994ቱ የአደንዛዥ ዕፅ ሕግ ለግል መጠቀሚያ መያዝን ሳይቀር ወንጀል ያደርጋል። የኪብራው የፓርላማ አባል ኬን ኦኮት በ2018 ሕጉን ለማላላት ረቂቅ አቅርበው ነበር፤ በዓመቱ በካንሰር ዐረፉ። ራስታዎች በ2021 ፍርድ ቤት ሄዱ። በ2022 ምርጫ ዋጃኮያ ባንጊ ሸጠን የአገር ዕዳ እንከፍላለን ሲሉ ከተማው ሁሉ ስቋል። ሌሶቶ ግን በ2017 ለሕክምና እንዲመረት ፈቃድ ሰጥታለች፤ ዚምባብዌ፣ ማላዊና ሩዋንዳም ተከትለዋል። በአብዛኛው ወደ ውጭ ለመሸጥ ነው። ባሕር ማዶ ላለ በሽተኛ ገበያ ታስቧል፤ እደጃፋችን ያለው በሽተኛ ግን ጣቢያ ያድራል።

አገር ቤትስ? በ1991 የደርግ ሠራዊት ሲበተን ግማሽ ሚሊዮን ያህል ሰው ወደ ቤቱ ተሸኘ። ከነሱ አንዳንዶቹን ልጅ ሆነን እናውቃቸዋለን፤ «እብዱ ወታደር» እያልን ድንጋይ የወረወርንባቸው ናቸው። ይቅር ይበለን። አሁን ደግሞ የፕሪቶሪያው ስምምነት በ2022 ተፈረመ፤ አዛዦቹ አፈጻጸሙን የፈረሙት እዚሁ ናይሮቢ ነው። የብሔራዊ ተሃድሶ ኮሚሽን ከ370 ሺህ በላይ የቀድሞ ተዋጊዎችን ወደ ሰላማዊ ኑሮ ለመመለስ አቅዷል። መሣሪያው ይቆጠራል፣ መታወቂያው ይሰጣል፣ የመቋቋሚያ ገንዘቡ ይከፈላል። ሌሊቱንስ ማን ይረከባቸዋል?

የእኔ አቋም ይኸው ነው። ሕጉ ሻጭንና ሕመምተኛን ይለይ። የታመመ ሰው ለአንድ ጥቅልል ከእስር ቤት ይልቅ ወደ ሐኪም ይላክ። ሐኪሞችም በነፃነት ያጥኑ፤ ነገ ጥቅሙ ከተረጋገጠ መጠኑ ተለክቶ ከፋርማሲ ይሰጥ፤ የመጀመሪያው ደስተኛ እኔ ነኝ። እስከዚያ ግን ከመንገድ የተገዛ ጭስ ሕክምና ነው ብላችሁ ለስደተኛ አትምከሩ። አሜሪካዊው ወታደር ካርድ አለው፣ ሐኪም አለው፣ ዜግነት አለው። የእኛ ሰው ያለው አንድ ማንዴት ነው።

«አንተ መምህር ስለሆንክ ነው፤ ያመመው ያውቀዋል» የምትሉኝ አላችሁ። ልክ ናችሁ፣ ያመመው ያውቀዋል። ለዚህም ነው አጨሰ ብዬ የማልፈርድበት። እኔም ብሆን ከዚያ ሌሊት ለማምለጥ ያገኘሁትን እይዝ ነበር። እኛ ሌላ የሚይዘው ነገር አልሰጠነውም።

ስለዚህ ከመወቃቀስ አራት ነገር እናድርግ። ቀጠሮው ቀን ፍርድ ቤት አብረነው እንሂድ፤ ነፃ የሕግ ድጋፍ የሚሰጡ ድርጅቶችንም ዛሬውኑ እንጠይቅ። የንግግር ሕክምና ሲጀምር በአማርኛ የሚያስተረጉምለት፣ ምስጢር የሚጠብቅ ሰው እንፈልግ። ጸበል የሚሄድ ይሂድ፣ ዱዓ የሚያስደርግ ያስደርግ፤ ክኒኑን ግን አያስጥሉት። አሜሪካ ያላችሁ ደግሞ ከቪዲዮው ይልቅ ለዋስትናው ገንዘቧን የሰጠችውን እናት አስቡ፤ የልጇ ተርም ሊጀምር ነው።

ትናንት ሌሊት እንደገና ጮኸ። ወጥቼ በሩን አንኳኳሁ። «ማነው?» አለ። «እኔ ነኝ፣ መምህሩ» አልኩት። ከፈተልኝ። እስኪነጋ ሻይ እየጠጣን ተቀመጥን፤ ምንም አላወራንም። ሲነጋ ግን «ነገም ና» አለኝ። ነገ እኔ እሄዳለሁ፤ ከነገ ወዲያስ ማን ይሄዳል? ተራ የምትይዙ ኮሜንት ላይ ሳይሆን በውስጥ ጻፉልኝ።