አዲስ ትምህርት ቤት ሲከፈት ሜዳው ወዴት ነው?

ባገራችን በአንድ ወረዳ አዲስ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሲከፈት ሕዝቡ በእልልታ፣ ሹማምንቱ በንግግር፣ ተማሪዎቹም በመዝሙር እንደሚያከብሩት የታወቀ ነው። በዚያ ቀን የክፍሎቹ ቍጥር ይነገራል፤ የግንቡ ዋጋ ይነገራል፤ ገንዘብና ጕልበት ያዋጡ ሰዎችም ስማቸው እየተጠራ ይመሰገናሉ። ይህ ሁሉ ተገቢ ነው። ነገር ግን አንድ ጥያቄ ብዙ ጊዜ ሳይነሣ ይቀራል፤ ይኸውም ልጆቹ ከክፍል ሲወጡ የሚጫወቱበት ሜዳ ወዴት ነው? የሚል ነው። ዛሬ በዚህ ገጽ ልናትት ያሰብነው ይህንኑ ነው። ጥያቄው የሥራ ፈት ጥያቄ የሚመስለው ሰው ይኖር ይሆናል፤ እኛ ግን የትምህርት ቤቱ የወደፊት ጠባይ የሚወሰንበት ጕዳይ ነው እንላለን።

አዲስ ትምህርት ቤት ግንብ እንጂ ገና ማኅበር አይደለም። ዘጠነኛ ክፍል የሚገቡት ልጆች ከየቀበሌው ትምህርት ቤት የተሰበሰቡ ናቸው። ከፊሎቹ ጠዋት ጠዋት ረዥም መንገድ በእግራቸው ይመጣሉ። ከፊሎቹም ከገጠር ስንቃቸውን ይዘው በከተማው ውስጥ አንዲት ጠባብ ክፍል ለሦስት ለአራት ተከራይተው ይኖራሉ፤ ራሳቸው ያበስላሉ፣ ራሳቸው ያጥባሉ፤ ዓርብ ማታ ወደ ወላጆቻቸው ሄደው እሑድ ስንቅ ተሸክመው ይመለሳሉ። የከተማው ልጅ በገጠሩ ልጅ አነጋገር ይስቃል፤ የገጠሩም ልጅ የከተማውን ይሸሻል። የሚጠብቁት የቈየ ልማድ፣ የሚኰሩበት የቀደመ ተማሪ ገና የላቸውም።

እንዲህ ያለውን ስብስብ አንድ የሚያደርገው ምንድር ነው? ደወሉም፣ ሰንደቅ ዓላማውም፣ ፈተናውም የየራሳቸው ድርሻ አላቸው። ፈጥኖ የሚሠራው ግን የመጀመሪያው የስፖርት ቡድን ነው ብንል ከእውነት የራቅን አይመስለንም። አንድ መምህር ፊሽካ ይዞ ይወጣል፤ የግቡ ቋሚ ከባሕር ዛፍ ይቈረጣል፤ ለኳስና ለመለያ ልብስ ገንዘብ ይዋጣል። ከገጠር የመጣው ዝምተኛ ልጅ በሩጫው የታወቀ እንደ ሆነ በሳምንቱ ስሙን የማይጠራ አይገኝም። ከጎረቤት ከተማ ትምህርት ቤት ጋር ግጥሚያ በሚደረግበት ቀንም፣ ቢሸነፉ እንኳ፣ ተማሪዎቹ ስለ ትምህርት ቤታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ «እኛ» ብለው ይናገራሉ።

ይህ ነገር አዲስ አይደለም። ተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት በ1917 ዓ.ም. ሲከፈት ዘመናዊ ትምህርት ባገራችን ገና ጥቂት ዘመን የቈጠረ ነበር። በ1928 ዓ.ም. የአራዳ ወጣቶች የቅዱስ ጊዮርጊስን የኳስ ቡድን መሠረቱ። በዚያው ዓመት ጠላት አገሪቱን በመውረሩ ትምህርት ቤቶች ለኢትዮጵያውያን ልጆች ተዘጉ፤ ብዙ የተማሩ ወጣቶችም አለቁ። ነፃነት በ1933 ዓ.ም. ከተመለሰ በኋላ በ1935 ዓ.ም. በኮተቤ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት፣ ጥቂት ዓመት ቈይቶም የጄኔራል ዊንጌት ትምህርት ቤት ተከፈቱ። ሁለቱም አዳሪ ትምህርት ቤቶች ስለ ነበሩ ከየጠቅላይ ግዛቱ የመጡ ልጆች በአንድ ማዕድ ይበሉ፣ በአንድ ግቢ ይተኙ ነበር። አዳሪ ተማሪ ለመንገድና ለወጥ የሚያጠፋው ጊዜ የለውምና ከትምህርት ሰዓት በኋላ ያለው ጊዜ ለሜዳ ይተርፈው ነበር።

የኳሱም ፍሬ ብዙ አልዘገየም። ቅዱስ ጊዮርጊስ ከተመሠረተ ከ26 ዓመት በኋላ፣ በጥር ወር 1954 ዓ.ም.፣ ኢትዮጵያ የተባበረችውን ዐረብ ሪፐብሊክ በአዲስ አበባ 4 ለ 2 አሸንፋ የአፍሪካን ዋንጫ ወሰደች። ቡድኑን ያሠለጠኑት ይድነቃቸው ተሰማ ራሳቸው የቅዱስ ጊዮርጊስ ተጫዋች የነበሩ ሲሆኑ፣ በኋላም ከ1964 ዓ.ም. ጀምሮ እስከ ዕለተ ሞታቸው እስከ 1979 ዓ.ም. ድረስ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ሆነው ሠርተዋል። ከወጣቶች ሜዳ የተጀመረ ነገር እስከ ምን ድረስ እንደሚያደርስ ከዚህ መረዳት ይቻላል።

ከአዲስ አበባ ወጥተን ወደ አርሲ ብንሄድ ደግሞ ሌላ ትምህርት እናገኛለን። በበቆጂ ከተማ የሰውነት ማጎልመሻ መምህር የነበሩት ስንታየሁ እሸቱ ታላቅ ስታዲየም አልነበራቸውም፤ የነበራቸው ሜዳ፣ ጫካና የማለዳ ሰዓት ነበር። ሆኖም ከዚያች ትንሽ ከተማ በ1984 ዓ.ም. በባርሴሎና በ10,000 ሜትር የወርቅ ሜዳልያ ያገኘችው ደራርቱ ቱሉ፣ በ1996 ዓ.ም. በአቴንስ ያሸነፈው ቀነኒሳ በቀለ፣ እነ ጥሩነሽ ዲባባም ወጡ። የአሰላ አካባቢው ኃይሌ ገብረ ሥላሴም በልጅነቱ ወደ ትምህርት ቤት እየሮጠ ይሄድ ስለ ነበር፣ ደብተር እንደ ያዘ ሰው ግራ ክንዱን አጥፎ መሮጡን ዓለም ሁሉ ያየው ነው። ከዚህ የምንረዳው ነገር ቢኖር ተሰጥዖ በየገጠሩ እንዳለና የሚጐድለው ዐይቶ የሚለይ መምህርና የተከበረ ቦታ መሆኑን ነው።

በዚህ አሳብ ላይ የሚነሣ ብርቱ ተቃውሞ አለ፤ ልንሸፍነው አንሻም። በ2014 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች ግማሽና ከዚያ በላይ ውጤት ያገኙት ከመቶ 3.3 ብቻ መሆናቸው ሲገለጽ አገሩ ሁሉ ደነገጠ። እንዲህ ባለ ጊዜ ወላጅ «ልጄ ኳስ ከሚያሳድድ መጽሐፍ ያሳድድ» ቢል አይፈረድበትም። ነገር ግን ነገሩን መመርመር ያስፈልጋል። ያን ያህል ተማሪ የወደቀው ሲጫወት ስለ ዋለ ነውን? በብዙ ትምህርት ቤት ለሰውነት ማጎልመሻ በሳምንት የሚሰጠው ጊዜ እጅግ ጥቂት ነው፤ እርሱም ቢሆን ለሌላ ትምህርት ማካካሻ ሲወሰድ ይታያል። ሜዳ የሌለው ትምህርት ቤት በሙሉ ፈተናውን ያልፍ ቢሆን ኖሮ ተቃውሞው ትክክል በሆነ ነበር። የፈተናውን ውድቀት በመምህራን ዝግጅት፣ በመጽሐፍ እጥረት፣ በክፍል መጨናነቅና ከታች ክፍል ጀምሮ በተበላሸ ንባብ ዘንድ መፈለግ እንጂ በኳሱ ላይ ማላከክ አይገባም።

ይሁን እንጂ ስፖርት ያለ ሥርዓት ሲሆን ጕዳት እንዳለው እናውቃለን። ለቡድኑ ተመርጫለሁ ብሎ ከክፍል የሚቀር፣ በግጥሚያ ሰበብ ፈተና የሚያልፈው ተማሪ ለራሱም ለትምህርት ቤቱም አይጠቅምም። ስለዚህ ደንቡ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ግልጥ መሆን አለበት፤ በሳምንቱ ከክፍል የቀረ ልጅ፣ የፈለገውን ያህል ጐበዝ ቢሆን፣ ቅዳሜ መለያውን አይልበስ። ይህ አንድ ደንብ ብቻ ስፖርቱን የትምህርት ጠላት ከመሆን አውጥቶ ረዳቱ ያደርገዋል።

የሴቶች ልጆች ነገር ተለይቶ መታሰብ ይገባዋል። አብዛኞቹ ሴት ተማሪዎች ከትምህርት በኋላ ውሃ መቅዳትና ወጥ መሥራት ስለሚጠብቃቸው ከሰዓት በኋላ የሚደረግ ልምምድ ለወንዶች ብቻ የተደረገ ያህል ነው። ልምምዱ በትምህርት ሰዓት ውስጥ ቢገባ፣ ልብስ የሚቀይሩበት ክፍልና ውሃ ያለበት መጸዳጃ ቢዘጋጅ፣ ብዙ ደራርቱዎች ከወጥ ቤት ወደ ሜዳ ይወጡ ነበር። ከዚህም ሌላ የዛሬው ትምህርት ቤት እንደ ጥንቱ አዳሪ አይደለምና በእግሩ ሁለት ሰዓት የሚሄደውን ወንድ ልጅም የሚጠቅመው ይኸው አደራረግ ነው።

እንግዲህ ነገሩ ወደ ወጣቶቹ ሹማምንት ይደርሳል። ሙሉ የእግር ኳስ ሜዳ ርዝመቱ 105፣ ስፋቱ 68 ሜትር ቢሆን ከአንድ ሄክታር ያነሰ መሬት ነው። የመረብ ኳስ ሜዳ 18 በ9 ሜትር ብቻ ነው፤ ይህን የሚያጣ ግቢ አይኖርም። ችግሩ የመሬት ማነስ ሳይሆን ሜዳው በፕላኑ ላይ ሳይሠፍር መቅረቱ ነው። ያልተካለለ ሜዳ ባዶ ቦታ ተብሎ ይቈጠራል፤ ባዶ የተባለ ቦታም ዛሬ ለሱቅ፣ ነገ ለመጋዘን ይሰጣል። አንድ ጊዜ ግንብ ከቆመበት በኋላ ማንም አያስመልሰውም። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» እንደሚባለው፣ ለምረቃ ቀን ብቻ ተጣድፎ የተሠራ ትምህርት ቤት ጕድለቱ ለትውልድ ይተርፋል። ስለሆነም የወረዳው ጽሕፈት ቤት ወሰኑን በድንጋይ ያስምር፤ በይዞታ ማስረጃው ላይም ያስጽፈው።

በመጨረሻ የምንናገረው ስለ ሰላም ነው። በ2013 ዓ.ም. በተጀመረው የሰሜኑ ጦርነት ብዙ ትምህርት ቤቶች ፈርሰዋል፤ ሌሎችም የተፈናቃዮች መጠለያ ሆነው ነበር። በሌላውም ቦታ ወጣቶች በመንደርና በቋንቋ እየተለያዩ ሲጣሉ ታይቷል። ኳስ ብቻውን ይህን አይፈውስም፤ እንዲያውም ቡድኖች በመንደር ከተከፋፈሉ ጠቡን ወደ ሜዳ ያመጣዋል። ቡድኖቹ ግን በክፍልና በዕጣ ተደባልቀው ቢቋቋሙ፣ ትናንት የማይተዋወቁ ልጆች ኳስ መቀባበል ግድ ይሆንባቸዋል። ለዳኛ ፊሽካ መታዘዝን፣ ተሸንፎም ያሸነፈውን መጨበጥን የለመደ ተማሪ ነገ በመሥሪያ ቤት ወንበር ላይ ሲቀመጥ ሕግ ማክበር እንግዳ አይሆንበትም።

ተማሪዎችም ሜዳ እስኪሰጣችሁ ድረስ እጃችሁን አጣጥፋችሁ አትጠብቁ። ድንጋዩን ልቀሙ፣ ጕድጓዱን ሙሉ፣ ኮሚቴ አቋቁሙ፤ የመጀመሪያውን ቡድን ስምና ውጤት በመዝገብ ጻፉ። ከእናንተ በኋላ ለሚመጡት የቀደመ ተማሪ የምትሆኑት እናንተ ናችሁና። ሹማምንትም የሚቀጥለውን ትምህርት ቤት መሠረት ስታኖሩ፣ ከመሠረት ድንጋዩ በፊት የሜዳውን ወሰን ተክላችሁ እንድናይ እንመኛለን።